ሁላችንም ነን የሠራነው

ባለፈው ማክሰኞ፣ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ በሚሆንበት ሰዓት፣ የልጅ ልጄ ሜሮን አብነት ሰፈር ወዳለው ቤቴ መጣች። ሜሮን የኮምፒዩተር ፕሮግራም ትሠራለች። መሥሪያ ቤቷ በስልክ ክፍያ የሚፈጸምበትን ፕሮግራም እየሠራ ለነጋዴዎች የሚያከራይ የግል ድርጅት ነው። ደሞዟን ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ እኔም መጀመሪያ ስትነግረኝ የዓመት መስሎኝ ነበር።

«ምነው በዚህ ሰዓት? አመመሽ እንዴ?» አልኳት።

«ደህና ነኝ አባባ። አድማ ላይ ነን። ማህበር አቋቁመን ሥራ ካቆምን ዛሬ ስድስተኛ ቀናችን ነው።»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። «በዚያ ደሞዝ? የመርካቶ ተሸካሚ አድማ ቢመታ ይገባኛል። አንቺ በሚሽከረከር ወንበር ላይ ተቀምጠሽ፣ ምሳሽ እየቀረበልሽ፣ ምን ጎደለኝ ብለሽ ነው?»

«ማን ጎደለኝ አለ? ደሞዙ ጥሩ ነው» አለች ቦርሳዋን ሶፋው ላይ እየወረወረች። «ግን ሥራው በዚህ ቀን ያልቃል ብለው ለደንበኛ ሲፈርሙ የሚሠራውን ሰው አይጠይቁም። አይደርስም ስንላቸው ‹አድርሱት› ይሉናል። ሲበላሽ ደግሞ አንድ ሰው መርጠው ያባርራሉ። ባለፈው ወር ሲስተሙ ግማሽ ቀን ቆመ። በማግስቱ ናትናኤል የሚባል ልጅ ሲመጣ መታወቂያው በሩን አልከፍት አለው፤ መባረሩን ያወቀው ከበሩ ነው። ያንን ሥራ ስድስት ሰው ነክቶታል። ማን ምን እንዳደረገ የጠየቀ የለም። ብዙ ስለሚከፍሉን ዝም የምንል ይመስላቸዋል። እኔ ደግሞ ብዙ ስለሚከፈለኝ ነው የፈራሁት፤ በአንድ ጠዋት የሚወሰድብኝ ብዙ ነገር አለኝ። ደሞ እርስዎ ነዎት እንዲህ የሚሉኝ? እርስዎስ አልመቱም እንዴ? ስብሰባ የምናደርግበት ቤት ግድግዳ ላይ ምን እንደለጠፍን ያውቃሉ? ‹ሁላችንም ነን የሠራነው!› ከሥሩ ‹የሜሮን አያት› ብለንበታል።»

ደረቴ ሊነፋ ጀመረና መሃል ላይ ቀጥ አለ።

የመጣችበት ጉዳይ ሌላ ነበር። ድርጅቱ ጥያቄያቸውን ሁሉ ተቀብሏል፣ ከአንዱ በስተቀር፤ ናትናኤልን አልመልስም ብሏል። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መልስ መስጠት አለባቸው። ግማሾቹ እንፈርም ይላሉ፣ ግማሾቹ ያለ ልጁ አንፈርምም ይላሉ። «ይምጡና እንዴት እንዳሸነፋችሁ ይንገሩን፤ ከእርስዎ አፍ ሲሰሙት ልባቸው ይጠነክራል» አለችኝ። እሺም እምቢም አላልኳትም። እሷ ይህን ኩራት አድርጋ ወሰደችው መሰለኝ፣ ፈገግ አለች።

መርካቶ ውስጥ፣ ከሰባተኛ ወረድ ብሎ፣ ዛሬ ከላይ እስከ ታች መስታወት የለበሰው የገበያ ሕንጻ በቆመበት ቦታ፣ ያን ጊዜ ሰፊ ግቢ ያለው የራዲዮ መጠገኛ ነበር። ባለቤቱን የውጭ አገር ሰው ስለነበረ ሁላችንም «ሙሴ» ብቻ ነበር የምንለው። ራዲዮና ሸክላ ማጫወቻ ከባሕር ማዶ እያስመጣ ይሸጣል፣ የተበላሸውንም ያስጠግናል። አሥራ አንድ ጠጋኞች ነበርን። ነጭ ጋዋን እንለብሳለን፣ ደረት ኪሳችን ላይ እርሳስና ትንሽ መፍቻ እንሰካለን፤ የመርካቶ ሰው «ዶክተሮቹ» ይለን ነበር። ደሞዛችን የዋዛ አልነበረም። እኔ በወር ሁለት መቶ ሃያ ብር ነበር የማገኘው። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ በአምስት ሳንቲም፣ አንድ ኪሎ ሥጋ በሁለት ብር ተኩል በሚገዛበት ዘመን ሁለት መቶ ሃያ ብር ምን ማለት እንደሆነ እስቲ አስቡት። ቅዳሜ ከሰዓት ጋዋኔን አውልቄ፣ ከጉልበት በታች የሚሰፋውን ሱሪዬን ከቴትሮን ሸሚዝ ጋር ለብሼ፣ አፍሮዬን አበጥሬ ስወጣ፣ ከግቢው አጠገብ ያለው ሸክላ ቤት ሳክስፎን የበዛበትን ዘፈን ከፍ አድርጎ ይለቅልኛል። ዛሬ እዚያው ቦታ ላይ ቆሜ ጆሮዬን ብጥል የምሰማው የስልክ መሸፈኛ የሚሸጡ ወጣቶች ጥሪ ብቻ ነው። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። ያኔም የጋሪው ጩኸት ዘፈኑን ይውጠው ነበር፤ እኔ ነኝ ዘፈኑን ብቻ ያስቀረሁት።

ስለራሴ እውነቱን ልናገርና፣ ከአሥራ አንዱ ውስጥ እንደኔ ያለ እጅ አልነበረም። ሌሎቹ የሙያ ትምህርት ቤት ገብተው ምስክር ወረቀት ይዘው የመጡ ናቸው። እኔ ትምህርት ቤት የሚባለውን በአጥሩ በኩል ነው የማውቀው። ሽፋኑ የተቀደደ የባዕድ አገር መጽሐፍ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ገዝቼ፣ ቋንቋውን ሳላውቅ ሥዕሉን እያየሁ ራዲዮ መፍታት ጀመርኩ። ቋንቋው ከሥዕሉ በኋላ ነው የመጣልኝ። ሌላው መሣሪያ ደቅኖ የሚፈልገውን ብልሽት እኔ ጆሮዬን ሳጥኑ ላይ አስጠግቼ «ይቺ ቫልቮላ ናት የሞተችው» እል ነበር፤ ቫልቮላ ያን ጊዜ ራዲዮ ውስጥ የሚበራው የመስታወት አምፖል ነው፤ አሥር ጊዜ ብዬ ዘጠኙን አልሳሳትም። ሙሴ ራሱ እንግዳ ሲመጣበት ወደኔ ጠረጴዛ ያመጣው ነበር።

ከጎኔ ያለው ጠረጴዛ የከድር ነበር። ከድር የስልጤ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን። ምሳችንን አብረን ነበር የምንበላው። ባለቤቱ ዘይነባ ቆጮና አይብ በሳህን ቋጥራ ስትልክለት «የተክሌም አለበት» ብላ ነበር የምትልከው። ከድር ዘገምተኛ ነው፤ እኔ ሦስት ራዲዮ ስጨርስ እሱ አንድ ይጨርሳል፤ ያ አንዱ ግን ተመልሶ አይመጣም። «አንተ በሠርግ ቀን ጀምረህ በልጅ ክርስትና ነው የምትጨርሰው» እለው ነበር። «የኔ ልጅ ክርስትና የለውም፣ ስለዚህ ጊዜ አለኝ» ይለኛል።

በግቢያችን አንድ ልማድ ነበር። ራዲዮ ጠግነን ስንጨርስ፣ የኋላውን ክዳን ከመግጠማችን በፊት፣ በውስጥ በኩል ስማችንንና ወሩን በእርሳስ እንጽፋለን። ከዓመታት በኋላ ያ ራዲዮ ከጅማ ወይ ከደሴ ተመልሶ ሲመጣ፣ ክዳኑን ስንከፍት ከእኛ በፊት ማን እንደነካው እናነባለን። አንዳንዱ ቀልድ ይጨምርበታል። አንድ ጊዜ የከፈትኩት ራዲዮ ውስጥ «ይህን ያሰርኩት ከድር ነኝ፤ ተክሌ ሆይ፣ እባክህ እንዳታሻሽለው» የሚል አግኝቼ ቀኑን ሙሉ ስስቅ ዋልኩ። ባለ ራዲዮው አያየውም፣ ሙሴም አያየውም። የእኛ ብቻ ነበር።

ታዲያ ሙሴ ይህንን ከለከለ። ደንበኞች ጠጋኙን በስሙ እየጠሩ መምጣት ጀምረው ነበር፤ አንዳንዱም ዕቃውን ቤታችን ድረስ ያመጣብናል። ከዛሬ ጀምሮ ስም የለም፣ የቤቱ ማህተም ብቻ ነው የሚመታው አለ። ደሞዛችን አልተነካም፤ እንዲያውም ለፋሲካ ጉርሻ ሰጠን። ሆኖም ከዚያ ቀን ወዲህ ግቢው ውስጥ ሳቅ ቀነሰ። አንድ ሰው ስሙን ከሥራው ላይ ሲነቅሉበት ምን እንደሚሰማው ለሌላ ማስረዳት ከባድ ነው። ዘመዶቼ «ሁለት መቶ ሃያ ብር እየበላህ ስለ እርሳስ ጽሑፍ ታማርራለህ?» ይሉኝ ነበር፤ ልክ እኔ ማክሰኞ ዕለት ሜሮንን እንዳልኳት።

ማህተሙ በወጣ በሁለት ወሩ ገደማ፣ አንድ ትልቅ ነጋዴ ቤት የነበረ ቡፌ የሚያክል ራዲዮ በጠራራ ፀሐይ ተቃጠለ። ሰው አልተጎዳም፤ መጋረጃውና አንድ ግድግዳ ነው የተበላሸው። ነጋዴው ግቢያችን መጥቶ ሙሴን በሰው ፊት አዋረደው። ሙሴ ክዳኑን ቢከፍት ማህተም እንጂ ስም የለም። የርክክብ ወረቀቱን ሲያይ፣ ዕቃውን መኪና ላይ ያስጫነው ከድር ስለነበረ የፈረመው እሱ ነው። ከሻይ ሰዓት በፊት ከድር ጋዋኑን አጣጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። «እኔ አልሠራሁትም» ብቻ ነው ያለው። ሁላችንም አመንነው፤ ከድር የነካው ራዲዮ ተመልሶ እንደማይመጣ እናውቃለንና።

ያን ቀን ማህበር የሚባለው ነገር ተወለደ። መፍቻችንን አስቀምጠን ግቢው በር ላይ ተቀመጥን። ሊቀመንበር ማን ይሁን ሲባል ጥያቄም አልነበረም፤ ከሙሴ ጋር ፊት ለፊት መናገር የሚደፍር እኔ ብቻ ነኝ። ጥያቄያችን ሁለት ነበር፦ ከድር ይመለስ፣ ስማችን ይመለስ። የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ ሳቀብን፤ «ዶክተሮቹ ጠግበው ነው» አሉን። በሦስተኛው ቀን ግን የቡና ነጋዴዎቹ ዳቦ ላኩልን፣ ሸክላ ቤቱ ቀኑን ሙሉ ዘፈን አሰማልን። ዘይነባ ቆጮዋን ለአሥራ አንዳችንም ይዛ መጣች። ሁለተኛ ልጇን አርግዛ ነበር። ሳህኑን ስታቀብለኝ «ተክሌ፣ አንተ ስላለህበት አልፈራም» አለችኝ።

በአራተኛው ቀን ሙሴ እኔንና ሁለት ተወካዮችን ቢሮው አስጠራን። የተቃጠለው ራዲዮ ሆድ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። በዚያ በሚሰባብረው አማርኛው «ማን ሠራ ይሄ? ስም ንገረኝ። ከድር ነገ ይመጣል» አለኝ።

አየሁት። ፊውዝ መግባት የነበረበት ቦታ ላይ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል፤ ሦስት ዙር፣ ወደ ግራ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ። ሌሎቹ ሁሉ ትምህርት ቤት እንዳሳዩአቸው ወደ ቀኝ ነው የሚጠመጥሙት። ወደ ግራ የሚጠመጥም፣ የሚያርመው አስተማሪ ያልነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው። የዚያ መጠን ፊውዝ ከመጋዘን አልቆ ነበር። «እስኪመጣ» ብዬ ሽቦ አደረግሁበት፤ ፊውዙ ሲመጣ ደግሞ ረሳሁት። በእርሳስ ስሜን ብጽፍ ኖሮ ክዳኑን ስገጥም አስታውሰው ነበር ብዬ ለብዙ ዓመት ራሴን አጽናንቻለሁ። ማጽናኛ ነው እንጂ መልስ አይደለም።

ሁለቱ ተወካዮች ከጎኔ ቆመዋል፤ ሁለቱም ባለ ምስክር ወረቀት። እነሱ ቢሳሳቱ «ተሳሳቱ» ይባላሉ። እኔ ብሳሳት «ድሮም ያልተማረ ሰው» እንደምባል አውቃለሁ። ያ ዓረፍተ ነገር ሲነገር በጆሮዬ ሰማሁት፣ ማንም ሳይናገረው። ከዚያም ደረቴን ነፍቼ «ሁላችንም ነን የሠራነው!» አልኩ።

አንዱ ተወካይ አቀፈኝ። ወደ ግቢው ስንወጣ ወሬው ቀድሞን ደርሶ ነበር፤ ሰዎቹ ተነስተው «ሁላችንም ነን የሠራነው!» እያሉ አጨበጨቡ። ከድርም መሃላቸው ቆሞ ያጨበጭብ ነበር። እንደዚያ ቀን የተከበርኩበት ቀን የለኝም። እንደዚያ ቀን ያነስኩበትም የለኝም።

በዘጠነኛው ቀን ሙሴ ተሸነፈ። ስማችን ይመለሳል፣ ከእንግዲህ ሰው ሳይጠየቅ አይባረርም፣ ሳንጠይቀው አሥራ አምስት ብር ጭማሪ ሰጠን። ከድር ግን አይመለስም፤ ወይ የጥፋተኛው ስም ይነገረኝ አለ። ወረቀቱ ፊቴ ተቀመጠ። ቢሮው በሰው ሞልቶ ነበር፤ ሁሉም ከድርን ያያል። ከድር ደግሞ እኔን ያየኝ ነበር። ምን ያህል እንዳየኝ አላውቅም፤ ለእኔ ረጅም ነበር። «ፈርም ተክሌ» አለኝ በመጨረሻ። «አሥር ቤት በኔ ምክንያት አይራብ።»

ፈረምኩ።

ቤት ያቃጠለ ጠጋኝ የሚቀጥር አልተገኘም። ከድር አሮጌ ብረት ወደሚሸጥበት ምን አለሽ ተራ ገባ። አሮጌ ቆርቆሮ እየቆረጠ የከሰል ምድጃ ሲሠራ ኖረ። ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ በሁለት ጣቱ የሚያነሳ እጅ መዶሻ ተሸክሞ አረጀ። እኔ አብዮቱ ፈንድቶ ለውጥ መጣ በተባለ ጊዜ የራሴን ሱቅ ከፍቼ ነበር፤ ከራዲዮ ወደ ቴፕ፣ ከቴፕ ወደ ቴሌቪዥን ተሸጋገርኩ፣ ልጆቼን አስተማርኩ፣ ይህን ቤት ሠራሁ። በምን አለሽ ተራ ሳልፍ ከድር ከሩቅ ያየኝና «ሊቀመንበሩ መጣ!» ብሎ ይጠራኝ ነበር። በርጩማ ያቀርብልኛል፣ ሻይ ያስመጣል። የማያስፈልገኝን ምድጃ ስንት ጊዜ ገዝቼዋለሁ። ስለዚያ ራዲዮ አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም። እኔም አላነሳሁም። ነገ እነግረዋለሁ ስል ሰውዬው አምና ሞተ።

ለቅሶው ላይ፣ ሱቁን የተረከበው የበኩር ልጁ ነስሩ ከድንኳኑ ጥግ ወሰደኝ። «ጋሼ ተክሌ፣ እርስዎ አብረውት ነበሩ። አባትህ ራዲዮ አጠፋና ተባረረ እያሉኝ ነው ያደግኩት። እሱን ስጠይቀው ‹ተወው› ይለኛል። እውነት እሱ ነው ያጠፋው?» አለኝ። ወንበሮቹ ላይ የቀደመ ሰፈሬ ሰው ሁሉ ተቀምጧል። «ጊዜው ቆየ ልጄ፣ አላስታውስም» አልኩት። የሻይ ዋጋ፣ የሱሪዬ ስፋት፣ የእያንዳንዱ ቫልቮላ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ሰው።

ይህንን ሁሉ ማክሰኞ ዕለት ለሜሮን ነገርኳት። 

«እርስዎ ነኝ ቢሉ ሙሴ ያባርርዎት ነበር?» አለችኝ።

«አያባርረኝም። ያለኔ ሥራው አይሄድለትም። ቢበዛ ይቆጣኛል፣ ሰዎቹ አንድ ሳምንት ያሙኛል።»

«ይህን ያኔ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ተነስታ ወደ መስኮቱ ሄደች። ጀርባዋን ሰጥታኝ «ታዲያ ያቺን ወረቀት ከግድግዳው ላንሳት?» አለች።

«ወረቀቷ ምን አጠፋች? እናንተ ስትሏት እውነት ናት፤ ስድስት ሰው ነክቶታል ብለሽኛል። ውሸት የሆነችው እኔ አፍ ውስጥ ነው። ይልቅ ከስድስቱ አንዱ እንደኔ የሚያውቀው ነገር ካለ፣ ሳይፈረም ይናገር በያቸው። ወደ ስብሰባችሁ አልመጣም። የምሄድበት ሌላ ቦታ አለኝ።»

ሁልጊዜ ስትሄድ ጉንጬን ስማኝ ነው። ያን ቀን እጄን ይዛ ትንሽ ቆየችና ወጣች። በማግስቱ ማታ ደውላ «አልፈረምንም አባባ» አለችኝ። 

ሐሙስ ጠዋት ምን አለሽ ተራ ሄድኩ። ነስሩ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቆርቆሮ ይቀጠቅጣል። «ጋሼ ተክሌ! ምድጃ ፈልገው ነው?» አለኝ። ምድጃ አልፈለግሁም አልኩት። ቆሜ ነገርኩት፤ ተቀመጡ ቢለኝም አልተቀመጥኩም። የሽቦውን ዙር ሳይቀር ነገርኩት። ድንኳኑ ጥግ ላይ የዋሸሁትንም ነገርኩት። መዶሻውን ጭኑ ላይ አድርጎ ያዳምጠኝ ነበር።

«አባቴ ያውቅ ነበር?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩት። ይህኛው እውነት ነው፤ ስንት ዓመት አስቤበት አላውቅም።

እሰደባለሁ ብዬ ጠብቄ ነበር። ነስሩ ግን መዶሻውን አስቀምጦ፣ እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ የሱቁን ቆርቆሮ መዝጊያ ጎትቶ ቆለፈው።

«እናቴ በሕይወት አለች» አለ። «ለእኔ ሳይሆን ለሷ ይንገሯት።»

ሳይጠብቀኝ ፊት ፊት መራ። ተከተልኩት።